ነጂው በገዛ እጁ ይጠግን

በማናቸውም ውድድር የተመልካች ዐይን የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነውና፣ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ፣ ዋንጫውንስ ማን ወሰደ ከሚለው ጥያቄ አልፎ፣ ያ መኪና በመነሻው መስመር ላይ ይቆም ዘንድ ትናንት ሌሊት በማን እጅ፣ በምን መብራትና በምን ያህል ድካም እንደ ተጠገነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ላቀርበው የፈቀድሁት አሳብ፣ መተዳደሪያቸው ሌላ ሆኖ ሳለ ለነገሩ ባላቸው ፍቅር ብቻ ጥንታዊ መኪና እየጎተቱ በቅዳሜና በእሑድ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ በሚወጡ ሰዎች ዘንድ፣ ለጥገናው የሚሰጠው ክብር ለፍጥነቱ ከሚሰጠው ማነስ እንደሌለበት፣ ይህም ክብር በመልካም ፈቃድ ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን በውድድሩ ሕግ ውስጥ በአንቀጽ ተጽፎ ሊጸና እንደሚገባው ነው።

የዚህ ጨዋታ አገሩ እንግሊዝ ነው። (የማነሣቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ከምጠራው በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ አገር በዉስተርሺር አውራጃ፣ ሼልስሊ ዎልሽ በተባለ ስፍራ፣ 914 ሜትር የምትረዝም አንዲት ጠባብ የዳገት መንገድ አለች፤ በ1905 መኪኖች በየተራ እየተነሡ፣ ጊዜያቸውም እየተለካ የወጡባት ይህች ዳገት ዛሬም ከዚያው ተግባሯ አልተለየችም። በ1934 ደግሞ የጥንት የስፖርት መኪና ወዳጆች ቪንቴጅ ስፖርትስ ካር ክለብ የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ አሳባቸው ሀብታቸው ያልበዛ ሰዎች በአሮጌ ነገር ግን በሚገባ በተሠራ መኪና የሚደሰቱበትን ሥርዓት መትከል ነበር፤ ከ1931 በፊት የተሠራ መኪና የሚለው ድንበራቸውም የማኅበሩ ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የጦር አውሮፕላኖች ማረፊያ የነበሩት ሲልቨርስቶንና ጉድውድ በ1948 የመኪና መሽቀዳደሚያ ሆኑ፤ ጉድውድም በ1966 ከተዘጋ በኋላ፣ ከተመሠረተ በ50ኛው ዓመት፣ በ1998፣ ለጥንታዊ መኪኖች ተከፈተ። የጉድውድ በዓል ግን ዝነኛውና ውዱ መኪና የሚታይበት ስለ ሆነ፣ የእኔ ነገር ያለው ጥቂት ተመልካች በሚገኝባቸው በትንንሾቹ ስብሰባዎች ላይ ነው።

ወደ እነዚህ ስብሰባዎች ዐርብ ማታ መምህሩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ አናጢውና ጡረተኛው መኪናቸውን በተጎታች ጭነው ይደርሳሉ፤ በነጋታው ማለዳም እያንዳንዱ መኪና በመርማሪ ፊት ይቀርባል። መርማሪው የነዳጅ መስጫው ሽቦ ቢበጠስ ሞተሩን ወደ ዝግታ የሚመልስ ሞላ መኖሩን፣ የእሳት ማጥፊያው በቦታው መታሰሩን፣ ኤሌክትሪኩን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያቋርጠው ማጥፊያ ከውጭ ለሚመጣ ረዳት እጅ የቀረበ መሆኑን፣ ፍሬኑንና መሪውን አንድ በአንድ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ የልምምዱ ሰዓት ይመጣል፤ በእንግሊዝ ሥርዓት ነጂው ለውድድሩ የሚበቃው በልምምዱ ቢያንስ ሦስት ዙር ሲፈጽም ነው። ፈተናው የሚገለጠውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ስድሳና ሰባ ዓመት የሞላው ብረት በጋራዥ ውስጥ ሰውሮት የቆየውን ደዌ በሜዳው ላይ ያወጣዋልና። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠልና ውሃው ከዘይቱ ተደባልቆ ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ይሆናል፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ በሙቀት ቀን ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፓምፑ የሚገፋው ነገር ያጣል። በዚህ ሰዓት መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ያለው የራስ እጅ፣ የራስ የመፍቻ ሣጥንና የጎረቤት ምሕረት ነው።

ይህ ትምህርት ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ ለማወቅ አንዲት ትንሽ መኪና መመልከት ይበቃል። የኦስቲን ፋብሪካ ጌታ ኸርበርት ኦስቲን፣ ስታንሊ ኤጅ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ነዳፊ በቤቱ አስቀምጦ ያስነደፋት፣ በ1922 ለሕዝብ የቀረበችው ኦስቲን ሰቨን፣ ሞተሯ በአብዛኛው ዘመኗ 747 ሲሲ ብቻ ነበረ፤ እስከ 1939 ድረስም እየተሠራች ብዙ ሕዝብ ስለ ገዛት፣ አሮጌዋ በርካሽ የሚገኝ፣ አካሏም በቀላሉ የሚፈታና የሚገጠም ሆነች። ኮሊን ቻፕማን የተባለው የምሕንድስና ተማሪ በ1948 የመጀመሪያዋን ሎተስ የሠራት አንዲቱን አሮጌ ኦስቲን ሰቨን አፍርሶ ነው። ብሩስ ማክላረንም በኒውዚላንድ፣ አባቱ ጋራዥ በነበረበት በኦክላንድ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ሳለ ውድድር የጀመረው በዚችው መኪና ነው። ዛሬ ስማቸው በዓለም የታወቀው ሎተስና ማክላረን የተባሉት ሁለቱ የእሽቅድምድም ቤቶች የተመሠረቱት፣ ከመንዳት በፊት መፍታትን፣ ከመፍታትም በፊት ለምን ተሰበረ ብሎ መጠየቅን በተማሩ ወጣቶች እጅ ነው። ሊቃውንት በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የምሕንድስና ጥበብ እጅግ የከበረ መሆኑን አልዘነጋም፤ ነገር ግን በተሰበረ ነገር ፊት ብቻውን ቆሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍርድ መስጠት ያለበት ሰው የሚያገኘው ማስተዋል በሌላ መንገድ የሚገኝ አይመስለኝም።

በሲልቨርስቶን በአንድ ትንሽ ስብሰባ ላይ ያየሁትን እዚህ ላይ ልተርክ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ከጎልማሳ ሴት ልጃቸው ጋር፣ በ1960ዎቹ የተሠራች ኤም ጂ ሚጀት ይዘው መጥተው ነበር። በልምምዱ መኪናዪቱ ሁለት ዙር በመልካም ከሮጠች በኋላ በሦስተኛው ማሳል ጀመረች፤ ዙሩን እንደ ምንም ፈጽማ ገባች። ሰውዬው ነገሩን በነዳጅ አሳበቡ፤ ካርቡራቶሩን ከፍተው ተንሳፋፊው ያለበትን ዕቃ ሲመለከቱ ንጹሕ ነው፤ ፓምፑም እንደ ወትሮው ይመታል። ካንዴላዎቹን ነቅለው ብልጭታቸውን ሲሞክሩ ብልጭታው ሰማያዊና ብርቱ ነው። ሞተሩን ገጥመው ቢያስነሡት ምንም ሕመም እንደሌለበት ይዞር ጀመረ፤ አባትየውም ቆሻሻ ነበረበት፣ አሁን አለፈለት ብለው እጃቸውን መጥረግ ያዙ። ልጅቱ ግን አልረካችም። ሞተሩ ሳይጠፋ ዐሥር ደቂቃ ያህል እንዲቆይ አደረገች፤ በእውነትም ሙቀቱ ከፍ ሲል ያው ሳል ተመለሰ። እንግዲያው ደዌው ከሙቀት ጋር የሚመጣ፣ ከብርደትም ጋር የሚሄድ ነው፤ ቅድም ካንዴላዎቹን ሲሞክሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለ ነበረ ብልጭታው ደህና መስሎ ታያቸው።

ይህን ከተረዳች በኋላ ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያካፍለውን ክፍል ክዳን አነሣች። ፑንቲናው፣ ማለት ኤሌክትሪኩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማገናኛ፣ ጠቁሮና ተበልቶ ነበር፤ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥርም በሁለቱ ጥርሶቹ መካከል የማይገባ ብልጭታ ይዘላል። ጥፋቱ በኮንደንሰሩ ነበር። ኮንደንሰር ማለት ከጣት አንጓ የማትበልጥ ዕቃ ስትሆን፣ ሥራዋ ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት መንገድ ያጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብላ በመያዝ በፑንቲናው ላይ እንዳይዘል ማድረግ ነው፤ እርስዋ ከደከመች ብልጭታውን በሚያመነጨው ቦቢና ውስጥ የተከማቸው ኀይል በድንገት መውደቅ ሲገባው ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ ወደ ካንዴላው የሚደርሰውም ብልጭታ የደከመ ይሆናል። ውስጧ ያለው መሸፈኛ ሲሞቅ ብቻ ስለሚከዳ፣ ስትቀዘቅዝ ጤነኛ ትመስላለች። ከእነርሱ ጎን ድንኳኑን የተከለው፣ በውድድሩም ከእነርሱ ጋር በአንድ ረድፍ የሚሰለፈው ሰው፣ ይህን ሁሉ በዝምታ ሲመለከት ቆይቶ ከሣጥኑ አንዲት ያገለገለች ኮንደንሰር አውጥቶ ሰጣቸው። ልጅቱ የፑንቲናውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ 0.38 ሚሊሜትር አድርጋ አስተካከለች፤ ክዳኑን መለሰች፤ ሞተሩም ሞቆም አላሳለም። በውድድሩ ከመካከለኞቹ ጋር ጨረሱ፤ ኮንደንሰሯን የሰጣቸው ጎረቤት ከኋላቸው ገባ፤ ስለዚህም ነገር ከሁለቱ ወገን አንዱ እንኳ ሲናገር አልሰማሁም።

በእኔ ፍርድ ያን ቀን በዚያ ሜዳ ከተፈጸመው ሥራ ሁሉ የበለጠው የልጅቱ ምርመራ ነው። ፈጥና አልፈታችም፤ በመጀመሪያው ምክንያት አልተታለለችም፤ ደዌው እስኪመለስ ድረስ ታገሠች፤ ሲመለስም ምን ጊዜ እንደ ተመለሰ ልብ አለች። የውድድሩ መዝገብ ግን የሚናገረው አባቷ በስንተኛ ተራ እንደ ገቡ ብቻ ነው፤ የእርስዋ ስም አልተጻፈም፤ ኮንደንሰር የሰጠው ሰው ስምም በሰጠበት ምክንያት የትም አልተነሣም። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ሰዓት መለካት ቀላል ነው፤ ማስተዋልን መለካት ግን ይከብዳል። ይሁን እንጂ የሚከብድ ነገር ሁሉ የማይቻል አይደለም፤ የእሽቅድምድም ሕግ ራሱም ጥገናን ከመንዳት ጋር የፈተነበት ዘመን ነበረ።

በ1927 በሰኔ ወር፣ በፈረንሳይ አገር በለ ማን በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር፣ የቤንትሊ ፋብሪካ ሦስት መኪኖች አሰልፎ ነበር። ከነጂዎቹ አንዱ ዱድሊ ቤንጃፊልድ መተዳደሪያው ሕክምና የሆነ ሐኪም፣ ጓደኛው ሳሚ ዴቪስም የጋዜጣ ጸሐፊ ነበሩ። በመሸ ጊዜ፣ ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ፣ ነጭ ቤት በሚባለው መታጠፊያ ብዙ መኪኖች ተጋጩ፤ ሦስቱም ቤንትሊዎች በዚያው አደጋ ውስጥ ገቡ። ከሦስቱ ከዚያ ስፍራ በራሷ ኀይል ልትወጣ የቻለችው ዴቪስ ይነዳት የነበረችው ባለ ሦስት ሊትር ሞተር ቤንትሊ ብቻ ነበረች። በዚያ ዘመን በለ ማን የተጻፈው ሕግ መኪናን የሚጠግነው ነጂው ራሱ ብቻ እንዲሆን፣ ያውም በመኪናዋ ላይ ተጭኖ በመጣ መፍቻ ብቻ እንዲሠራ ያዝዝ ነበርና፣ ዴቪስ የታጠፈውን እያቀና፣ የላላውን እያሰረ፣ የጠፋውን መብራት በሌላ መብራት እየተካ፣ የፋብሪካው ሰዎች እጃቸውን አጣምረው እያዩት ብቻውን ደከመ። የፊት አክስሏ የተጣመመባት መኪና እንደ ገና ወጣች፤ ሁለቱ ሰዎች ሌሊቱንና ማግስቱን እየተፈራረቁ ነድተዋት፣ ከፊታቸው የነበረችው አሪየስ የተባለችው የፈረንሳይ መኪና በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ስትበላሽ፣ ከ2300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ አንደኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሎንዶን በሳቮይ ሆቴል በተደረገው የክብር ራት ላይ መኪናዪቱ ራሷ ጭቃዋንና ቍስሏን እንደ ያዘች ወደ አዳራሹ ገባች።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የዴቪስን ጽናት ያመሰግናሉ፤ ምስጋናው ይገባዋል። እኔ ግን ከጽናቱ በፊት ሕጉን አመሰግናለሁ። ነጂው ራሱ ይጠግን የሚል ሕግ ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሰው የመኪናውን አጥንትና ጅማት ለማወቅ ግዴታ ባልነበረበትም ነበር፤ ሕጉ አስቀድሞ ስላስገደደው በጨለማና በዝናብ የሚጠቅመው ዕውቀት በእጁ ተገኘ። የመፍቻውን ሣጥን ሲያዘጋጅ ምን ሊሰበር እንደሚችል ማሰብ ነበረበት፤ ያን ሲያስብ ደግሞ ነዳጁን እንዴት ሊረግጥ፣ ፍሬኑንስ እንዴት ሊጠብቅ እንደሚገባው ተማረ። የሚጠግን ሰው በሚነዳበት ጊዜ ለመኪናው ይራራል፤ ይህን በሜዳ ዳር ቆሞ የሞተሩን ድምፅ ያዳመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ግን ነገሩ ወደ ሌላ ፍኖት እያዘነበለ ነው። የጥንታዊ መኪና ዋጋ ከከበረ ዕቃ ዋጋ ጋር ተስተካክሎ፣ በ2018 አንዲት ፌራሪ 250 ጂ ቲ ኦ በካሊፎርኒያ በሐራጅ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ስትሸጥ፣ መኪናው የሚነዳና የሚሰበር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሚቀመጥ ሀብት ሆነ። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው የመኪናውን ክዳን በገዛ እጁ ሊከፍት አይደፍርም፤ ስለዚህ አሰናጅ ቤት ይቀጥራል፣ መኪናው በትልቅ ካሚዮን ይመጣለታል፣ እርሱም በሰዓቱ ደርሶ የራስ ቍሩን አጥልቆ ይቀመጣል፤ ቢሰበር ሌሎች ይጠግኑታል፣ ባይጠገን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተቀጠሩትን መካኒኮች አልነቅፍም፤ ሥራቸው ንጹሕ፣ ዕውቀታቸውም የጠለቀ ነው። ባለ ሀብቶቹም እነዚያን ውድ መኪኖች ከመበስበስ ስላዳኑ ይመሰገናሉ። ነገር ግን ይህ ልማድ ከትልልቆቹ ወደ ትንንሾቹ ስብሰባዎች መውረድ ጀምሯል፤ መምህሩና አናጢው፣ ተቀጣሪ አሰናጅ ካለው ጋር በአንድ መስመር ሲቆሙ፣ ወይ ከዐቅማቸው በላይ ገንዘብ ያወጣሉ፣ ወይ ከሜዳው ይወጣሉ። የቪንቴጅ ክለብ መሥራቾች ሀብቱ ላልበዛው ሰው ብለው የተከሉት ነገር በዝምታ ወደ ሌላ ወገን እንዳይተላለፍ እሰጋለሁ።

ለእኛ አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ እንዳይመስለው አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አገር ፎርሙላ ቪ የሚባል የውድድር ዐይነት አለ፤ በአሜሪካ በ1963 በሕግ የታወቀ፣ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ የፊት እግሩም ከቮልስዋገን ቢትል የሚወሰድ ነው። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ በብራዚል፣ ኒኪ ላውዳም በኦስትሪያ፣ ወደ ዓለም ሻምፒዮንነት ከመድረሳቸው አስቀድሞ በዚህ ዐይነት መኪና ተፈትነዋል። ያ ሞተር በአዲስ አበባ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌለው፣ ከካምቢዮው ጋር በአራት ብሎን ብቻ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ልጅ ሆኖ መፍቻ በማቀበል የጀመረ የሰፈራችን መካኒክ ክሪኩን አስገብቶ ከኋላ አውርዶ ያወጣዋል፤ የጎደለውን በመርካቶ በሶማሌ ተራ ፈልጎ፣ ካልተገኘም ከሌላ መኪና አመሳስሎ፣ ዐምሳ ዓመት የሞላትን ቮልስ ወደ መንገድ ይመልሳታል። እንግሊዛዊው በቅዳሜና በእሑድ እንደ ጸጋ የሚፈልገውን ዕውቀት የእኛ ሰው በየዕለቱ ለእንጀራው ይሠራበታል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበረ፤ የመጀመሪያው መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ያ ዐዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን እንደ ጠበቀ ሁሉ፣ ሞተር የሚፈታውን ለማክበር ግን ልማዳችን ገና ነው፤ መኪናውን ገዝቶ የሚነዳውን ጌታ፣ ከሥሩ ተኝቶ የሚጠግነውን ልጅ እያልን እንጠራለንና።

እንግዲህ ለማኅበሮቹ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ሁሉንም ውድድር እንዲለውጡ አልጠይቅም። በዓመቱ መርሐ ግብር ውስጥ፣ ለትንንሾቹ ሞተሮች ክፍል፣ የ1927ቱን የለ ማን ሕግ የሚመስል ሕግ የሚሠራበት ውድድር ይኑር፤ መኪናው በቅዳሜ ማለዳ ምርመራ ካለፈበት ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ማታ ድረስ የሚጠግነው ነጂው ራሱና አስቀድሞ ስሙ የተመዘገበ አንድ ረዳት ብቻ ይሁኑ። ረዳቱ የቤተ ሰብ ሰው ወይም ወዳጅ ይሁን እንጂ ደመወዝ የሚቀበል አይሁን፤ በእጁ ጕልበት የሌለው ሽማግሌም፣ አካሉ የተጎዳውም በዚሁ አንድ ረዳት ከሌላው እኩል ይቆማል። ከጎረቤት ዕቃ መቀበል የተፈቀደ ይሁን፤ ይልቁንም የሰጠው ሰው ስምና የሰጠው ዕቃ በመዝገቡ ይጻፍ። ፍሬንና መሪ የተነካበት መኪና በመርማሪው ፊት ዳግመኛ ሳይቀርብ ወደ ሜዳ አይመለስ፤ ይህን እዚህ ላይ የማነሣው ያልሠለጠነ እጅ አደጋ ያመጣል የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው፤ ሥጋታቸው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱ ነጂውን ከመኪናው ማራቅ ሳይሆን ምርመራውን ማጥበቅ ነው።

ሽልማቱንም በተመለከተ፣ ከፍጥነት ዋንጫው ጎን ሌላ ዋንጫ ይቁም፤ ይህንም መርማሪዎቹ ራሳቸው ይስጡት፤ መኪናው ጧት ምን ሆኖ እንደ ቀረበ፣ ማታ ምን ሆኖ እንደ ተመለሰ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በታተመው የውድድር ዝርዝር ላይ የመኪናው ስም፣ የተሠራበት ዓመትና የሞተሩ መጠን ይገኛል፤ ከነጂው ስም ቀጥሎ የረዳቱን ስም ለመጨመር አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ለዚህም ወጪ የለውም። የእንግሊዝ የውድድር ወራት ከጸደይ እስከ መከር ናቸው፤ ክለቦቹ ለሚመጣው ዓመት ሕጋቸውን የሚያርሙት መኪኖቹ በየጋራዡ ተፈትተው በሚከርሙበት በብርዱ ወራት ነው። በዚያ የብርድ ወራት ስብሰባ ላይ ይህን አንቀጽ የሚያቀርብ አንድ አባል ቢገኝ፣ በሚቀጥለው ጸደይ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ክፍል ሊሞከር ይችላል።